ከአይጥ ወደ አይጠ መጎጥ

የዲማ ልጅ ነኝ። ያደግሁት በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠው ሰማዕት ደራጎኑን በጦር ሲወጋው የሚያሳየውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል እየተሳለምሁ ነው። በእኛ አገር እባብ ሲታይ ዱላ ይፈለጋል እንጂ ስም አይወጣለትም። ዛሬ ግን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ በተከራየሁት ቤት ውስጥ፣ ከልጄ አልጋ አጠገብ፣ በመስታወት ሣጥን አንድ ሜትር የሚሆን እባብ ይኖራል። ስሙ ቡላ ነው።

እንዴት ገባ አትበሉኝ። «ጎበዝ ተማሪ ከሆንህ የፈለግኸውን እገዛልሃለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ልጁ ጎበዘ። ውሻ ይላል ብዬ ነበር።

እባቡ ቦል ፓይተን የሚባል፣ መርዝ የሌለው ዘንዶ ነው። የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። ያደነውን ጠምጥሞ ይገድልና ሙሉውን ይውጣል። ቡላ የለመደው በሕይወት ያለ አይጥ ነበር። በየሳምንቱ ከሱቅ አይጥ በካርቶን ይዤ እመጣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የሚሆነውን ላለመስማት ሳሎን ገብቼ የዜናውን ድምፅ ከፍ አደርጋለሁ።

አንድ ቀን አይጡ ቀድሞ ነከሰው። ከዓይኑ በላይ ደም ወጣ። ለካ ይህ የታወቀ አደጋ ነው፤ እባቡ ካልራበው፣ የታሰረ አይጥ እሱኑ ሊበላው ይነሣል። ልጄ አለቀሰ። እኔም አዋጅ አወጣሁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት በሕይወት ያለ አይጥ አይገባም!» እባቡ ስላደገ ከብዙ ትንንሽ አይጥ ይልቅ አንድ አይጠ መጎጥ ይበቃዋል ተባልሁ። በረዶ የሆነ አይጠ መጎጥ በፌስታል ገዝቼ፣ እናቴ ከላከችልኝ በርበሬ ጎን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትሁ።

ውሳኔዬ ትክክል ነበር። ለእባቡም፣ ለኪሴም፣ ለአይጡም ይሻላል። ቡላ ግን አፍንጫውን አስጠግቶ ዞረ። በሳምንቱም ዞረ። ሰባት ሳምንት ጾመ። ቦል ፓይተን ሳምንታት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ልጄ ግን በየቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘነው ክብደቱ ሲወርድ ያያል። አንድ ማታ ከሣጥኑ ሳይነሣ፣ «አንተ ስለማትወደው ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር፣ በሆዴ «ቢሞት ይገላግለኝ ነበር» ያልሁበት ቀን ነበር።

እሑድ ለእናቴ ስደውል አመለጠኝና ነገርኋት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ «በስመ አብ! ጊዮርጊስ ከእግሩ ሥር የጣለውን አንተ ቤት አስገባኸው?» አለች። ሰደበችኝ፤ አማተበች። ልጁ እንደሚያለቅስ ስነግራት ግን ድምፅዋ ተለወጠ።

«ያች ቦራዋ ላም ትዝ ትልሃለች? ጥጃዋ ሞቶ አልታለብም ብላ ስትራገጥ ምን አደረግን?»

ትዝ አለኝ። የጥጃውን ቆዳ ገለባ ጠቅጥቀን፣ ጨው ነስንሰን ከፊቷ አቆምንላት። ላሟ ቆዳውን እየላሰች ወተቷን ለቀቀች።

«እንስሳ በሽታ ነው የሚያምን፤ የለመደውን ሽታ አስይዘው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከልጄ ጋር ተቀምጠን ስናነብ እባብ አርቢዎች የሚሉትም ያንኑ ሆኖ አገኘነው። ጥፋቴም ገባኝ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነጥቄዋለሁ፤ ሕይወት ያለውን በሞተ፣ አይጡን በአይጠ መጎጥ። ደረጃ በደረጃ ጀመርን። መጀመሪያ የለመደውን ትንሹን አይጥ፣ ግን የሞተውን። ሌሊት ማቀዝቀዣው ታችኛ ክፍል ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያ በፌስታል አድርገን ሙቅ ውኃ ውስጥ እንነክረዋለን። ቦል ፓይተን በከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚያይባቸው ጉድጓዶች ስላሉት፣ የቀዘቀዘ ነገር ለእሱ ምግብ አይደለም። አመሻሽ ላይ፣ መብራት ቀንሰን፣ በረጅም መቆንጠጫ ይዘን አነቃነቅነው። በሁለተኛው ሙከራ ወረወረበት። አይጥ መብላቱን ሲያጸና አይጠ መጎጡን በአይጥ ጉዝጓዝ አሽተን ሰጠነው። በላ! ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ እኔም ለእባብ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ስለ ሌላ አዋጅ ሳስብ አደርሁ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ በወረቀት ላይ የተሻለ ሕግ ነበር፤ በቁሙ ከተተመነ መሬት ይልቅ የሚገኘውን ገቢ ተመልክቶ ማስከፈል። የጎጃም ገበሬ ግን ገማቹ እርሻው ውስጥ ሲገባ ያሸተተው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ርስቴ ሊወሰድ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ በሚያውቀው ቋንቋ አላስረዳውም። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ጦር ተላከ፤ ከአየር ቦምብ ወረደ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ተነሡ። የጠፋው ነፍስ ግን አልተመለሰም።

ሕዝብን ከእባብ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም። የማመሳስለው አዋጅ አውጪውን ከራሴ ጋር ነው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ትክክል ስለሆነ ብቻ ሌላው ወዲያው መዋጥ አለበት የሚል፣ እምቢ ሲባልም «እልኸኛ ነው» እያለ የሚጠብቅ። ዛሬም በየቢሮው አለ፤ ከላይ የወረደውን «የተሻለ ዘዴ» ይዞ ገበሬው ደጅ የሚቆም። ዘዴው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ግን ማን ቀመሰው? ከለመደው ነገር የቱ ተትቶለታል? ስንት ነገር በአንድ ጊዜ ተነጠቀ?

ከዚያው ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ትምህርት የቀመሱት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ረጅም ልብ ወለድ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ነገር ነበር። ገበታው አዲስ፣ ሽታው የጎጃም ሆነና ሰው ወደደው።

እኛ ቤት አሁን ሰላም ነው። በየሁለት ሳምንቱ ውኃውን የማሞቀው እኔ ነኝ። እናቴ ስደውል ጤናዬን ከመጠየቋ በፊት «በላ?» ትለኛለች። ማን እንደሆነ ግን ስሙን አትጠራም።