መጫንና መገልበጥ

‹‹ጌም ገዛሁ›› የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። በእኛ አገር የኮምፒዩተር ጌም ይጫናል እንጂ አይገዛም። ‹‹ጫንልኝ››፣ ‹‹አስጫንኩ››፣ ‹‹ስንት ጌም ጭነሃል?›› ነው ወሬው ሁሉ። አንዱ ከሌላው ሲወስድ ደግሞ ‹‹ገለበጥኩ›› ይላል። እስቲ እነዚህን ሁለት ቃላት ልብ በሉልኝ። መጫንና መገልበጥ የሲራራ ነጋዴ ቃላት ናቸው። ቡሬ ከጥንት ጀምሮ በጎጃምና በወለጋ መካከል የሚመላለስ ነጋዴ ሲያርፍባት የኖረች የገበያ ከተማ ናት። ያን ጊዜ የሚጫነው በቅሎና አህያ ነበር፤ የሚገለበጠውም ቡናና ጨው። ዛሬ የሚጫነው ኮምፒዩተር፣ የሚገለበጠውም ፊፋና ጂቲኤ ሆነ እንጂ ቋንቋችን ከሲራራው አልወጣም።

ቋንቋው ብቻ ቢሆን ምናለ! ሥራውም ያው የሲራራ ሥራ መሆኑን ያየሁት የእህቴ ልጅ የጌም ቤቱን ሀብት ከአሮጌ ሀርድ ዲስክ ወደ አዲስ ሲያጓጉዝ ነው።

ልጁ ቡሬ ላይ ጌም ቤት አለው። ቤት ሲባል ቪላ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ክፍል፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ ደግሞ ውስጡን ከመንገደኛ የምትከልል መጋረጃ። መጋረጃዋ ለፀሐይ ናት ይበል እንጂ ለእናቶች የተሰቀለች መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የቤቱ ዋና ሀብት ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለችው 500 ጊጋ ባይት ሀርድ ዲስክ ናት። ፊፋው በየዓመቱ፣ ፔስ፣ ኒድ ፎር ስፒድ፣ አይጂአይ፣ ካውንተር ስትራይክ፣ ጄኔራልስ፣ ቫይስ ሲቲ፣ ሳን አንድሬስ... ምኑ ቅጡ! ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተሰበሰበም። ከፊሉ በሲዲና በዲቪዲ ዘመን የመጣ ነው። ከፊሉን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእረፍት ሲመጡ በፍላሽ ይዘውት ገብተዋል። አንዱ ያመጣውን አሥሩ ይገለብጣል፤ የአሥሩን ደግሞ መቶው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ከተተረከ በኋላ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ እኛ ጋ የደረሰው በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ?

‹‹ለምን ከኢንተርኔት አያወርደውም?›› ትሉኝ ይሆናል። ጂቲኤ 5 የተባለው ጌም ብቻውን ከ65 ጊጋ ባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ እሱን ከማውረድ ጨረቃን በገመድ ጎትቶ ማውረድ ሳይቀል አይቀርም። ደግሞስ ዳታው ሲኖር አይደል? በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያን ጊዜ ‹‹ክላውድ›› ላይ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ባሕር ማዶ እንዳለ ዘመድ ሆነብን፤ መኖሩን እናውቃለን፣ ልናገኘው ግን አንችልም። በብዙ ቦታ ትምህርት ቤትም ተዘግቶ ነበር። መብራት በመጣ ሰዓት ልጆቹን ሰብስባ ያዋለቻቸው ያቺ ዲስክ ናት።

ይህቺው ዲስክ ታዲያ ማቃሰት ጀመረች። ‹‹ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...›› ትላለች። እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒዩተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሀርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ። ከላዩ ላይ ሳትነካው ተንሳፍፋ የምታነብ መርፌ መሳይ ነገር አለች። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ይህ ሁሉ ድንገት ይቆማል፣ ድንገት ይነሳል። ‹‹ቀጭ ቀጭ›› ካለች በኋላ የዳነች ዲስክ አላየሁም። ስለዚህ በስልክ ‹‹በል ቶሎ ሌላ ግዛ፤ ሌላው እስኪመጣ አትንካት›› አልኩት።

አዲሷ ዲስክ አዲስ አበባ ተገዛች። መንገድ በተከፈተ ቀን አንድ ዘመዳችን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጧት የዓባይን በረሃ ወረደ፣ ወጣ። ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ላይ ለእኔ አስረከበኝ። እኔ ደግሞ በሚኒባስ በማንኩሳ በኩል ቡሬ አደረስኳት። እንግዲህ ፈረንጅ ‹‹ዳውንሎድ›› የሚለውን እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው።

ስንሰካት የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ተነሳ። ካርቶኑ ‹‹1 ቴራ ባይት›› ይላል። ኮምፒዩተሩ 931 ጊጋ ባይት ብሎ ቁጭ!

‹‹ጋሼ፣ ተበላን!›› አለ ልጁ።

አልተበላንም። ነገሩ የቁና ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ኪሎ ሲል 1000 ቆጥሮ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ 1024 ካልሞላ አንድ አይልም። በርበሬ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። የሻጭና የገዢ ቁና የት አገር ነው እኩል የሆነው?

ሁለተኛው ጭቅጭቅ ‹‹ከት›› ይሁን ‹‹ኮፒ›› የሚለው ነው። ልጁ ከት አድርጎ በአንድ ጊዜ ከአሮጌዋ ነቅሎ አዲሷ ላይ መትከል ፈለገ። እኔ ኮፒ አልኩ። የሲራራ ነጋዴ ጭነቱ ማዶ ደርሶ ሳይቆጠር እዚህ ያለውን መጋዘን አይዘጋም። 420 ጊጋ ገደማ ነበር፤ በዚያች አሮጌ ኮምፒዩተር ዩኤስቢ ወደ አራት ሰዓት ይወስዳል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ መቼም ገምታችኋል፣ መብራት ሄደ! ሲመለስ ያጣነው በመገልበጥ ላይ የነበረችውን አንዲት ፋይል ብቻ ነው። እሷንም እንደገና ገለበጥናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው እኮ ለዚህ ነው። በመጨረሻ የፋይሉን ብዛትና መጠኑን ከሁለቱም ወገን አስተያየን፤ ልክ መጣ። አዲሷ የአሮጌዋን ፊደል ‹‹ዲ››ን እንድትወርስ አደረግን፤ አለዚያ ጌሞቹ ቤታቸው ይጠፋባቸዋል።

ሥራው አለቀ አልን። የቀረው ዊንዶውን መቀየር ነው። አሮጌው ተደምስሶ አዲስ ይጫናል፣ ኮምፒዩተሩም ቀለል ይላል። ልጁ ሊጀምር ጣቱን ሲዘረጋ ከአግዳሚው ወንበር አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

‹‹የወንድሜስ አብሮ ተገለበጠ?››

የጠየቀው የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳን አንድሬስ የሚባለው ጌም ራሱ ዲ ላይ ይቀመጣል። ተጫዋቹ የደረሰበት ደረጃ ግን የሚቀመጠው እዚያ አይደለም፤ ዊንዶው ባለበት ‹‹ማይ ዶክመንትስ›› ውስጥ ነው። ዊንዶው ሲደመሰስ አብሮ ይደመሰሳል። ጌሙ ያለው ማስቀመጫ ደግሞ ስምንት ቦታ ብቻ ነው። ስምንት ቦታ ለአንድ ሰፈር ልጅ! ከዚያ የባሰው፣ በየቦታው የሚጻፈው ያለቀው ተልዕኮ ስም እንጂ የባለቤቱ ስም አይደለም። ስለዚህ ልጆቹ በቃል ነው የሚያውቁት። ‹‹አንደኛው የእገሌ፣ ሁለተኛው የነእገሌ በጋራ...›› እያሉ ርስት ተካፍለውታል። በሰው ቦታ ላይ ደርቦ ያስቀመጠ ልጅ የደረሰበትን አበሳ አትጠይቁኝ።

አምስተኛው ቦታ የዚህ ልጅ ወንድም ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከወንበርማ ገጠር መጥተው ቡሬ ቤት ተከራይተው ይማሩ ነበር። ትልቁ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ቤት ሄዶ በሶና እንጀራ ይዞ ይመጣል፤ አንዳንዴም ትንሽ በርበሬ ገበያ አውጥቶ ይሸጥና ከትርፉ ለአንድ ሰዓት ጌም ትቀራለች። በ2015 ክረምት ከቤት ወጣ። አልተመለሰም። ከዚህ በላይ የሚታወቅ የለም፤ ቡሬም ላይ አብዝቶ የሚጠይቅ የለም። የሰፈሩ ልጆች ግን፣ በሰባቱ ቦታ እየተደባደቡ፣ አምስተኛውን እስከዛሬ የነካ የለም።

ዊንዶውን ተወት አድርገን ማይ ዶክመንትስን ከፈትን። ከ1 እስከ 8 የተቆጠሩ ስምንት ትንንሽ ፋይሎች ተገኙ። እያንዳንዳቸው 200 ኪሎ ባይት አካባቢ ናቸው። በስልክ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ ከዚህ ይበልጣል። 420 ጊጋ ባይት ስናግዝ ውለን ልንተዋት የነበረችው ይህቺን ነው! ስምንቱንም አዲሷ ዲስክ ላይ ገለበጥን፣ በፍላሽም ደገምን። ዊንዶው ተቀይሮ፣ ፋይሎቹ ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ ልጁ አምስተኛውን ከፈተ። በዚህ ጌም ‹‹አስቀምጥ›› የሚባለው ሰውየው ቤቱ ሲገባ ነው። ስለዚህ ሲከፈት ቤቱ ጋ ቆሞ ታየ። ትንሹ ልጅ አንድ እርምጃ እንኳን አላራመደውም። አይቶት፣ መልሶ ዘጋው።

እናንተዬ፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። ሰለጠነ የምንለው ዓለም ጌሙን በገንዘቡ ይገዛል። ስቲም የተባለው ትልቁ የጌም መደብር ሥራ የጀመረው እኛ የ1996ን እንቁጣጣሽ ስናከብር በዋልንበት ዕለት ነው። ደንበኛው ዲስክ ቢበላሽበት አይጨነቅም፤ ከመደብሩ እንደገና ያወርደዋል። ግን እነሱም ጋ ጉድ አለ። ‹‹ዘ ክሩ›› የተባለውን የመኪና ጌም ብዙ ሰው በገንዘቡ ገዝቶት ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋው ጌሙ መሥራት አቆመ። የካሊፎርኒያ ግዛትም፣ የምትሸጡት ፈቃድ እንጂ ንብረት ካልሆነ ለገዢው በግልጽ ንገሩት የሚል ሕግ አውጥታ ከፈረንጆቹ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እነሱ ከፍለው አልያዙትም፤ እኛ ይዘን አልከፈልንም።

ይህንን ስል ግልበጣችንን እየባረክሁ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ጌሙን ለመሥራት እንቅልፍ ያጣው ሰው ዋጋው ይገባዋል። የቡሬ ልጅ በምን የዶላር ካርድ ይክፈል የሚለውም ሌላ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ጌሙ የማንም ይሁን፣ ያቺ 200 ኪሎ ባይት የማን ናት? ኩባንያው አልሠራትም፣ የትም መደብር አትሸጥም፣ ከየትም አትወርድም። ሳን አንድሬስ ቢጠፋ የሆነ ቦታ የገለበጠው አይጠፋም። አምስተኛው ቦታ ግን በዓለም ላይ አንድ ነው።

ጌም ለማይወደው አንባቢም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ስልካችንን በየጊዜው እንቀይራለን። ፎርማት እናስደርጋለን። የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ለጥገና እንሰጣለን። ስናጓጉዝ ዓይናችን የሚያርፈው ትልቁ ላይ ነው፤ ፊልሙ፣ ዘፈኑ፣ ጌሙ። የእናት የአሥራ አምስት ሰከንድ ድምፅ፣ ‹‹ደርሻለሁ፣ አታስቡ›› የምትል አንዲት መልእክት ቦታ ስለማትይዝ ትረሳለች። ባለሙያው ‹‹ሁሉንም ገልብጬልሃለሁ›› ይላል፤ ውሸቱንም አይደለም። እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ገልብጧል። የማያውቀውን የሚያውቀው አግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከመደምሰሳችሁ በፊት ዞር ብላችሁ ‹‹እዚህ ውስጥ የማን ምን አለ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ያለውን ትንሹን ልጅ ሳይቀር ጠይቁ። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መብራትም አይፈልግም።

ጭነታችሁም ሰዋችሁም በሰላም ቤት ይግባ።