ያ ሰኔ አመለጠን

ጥቅምት 11 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገርባ፣ ፖሊስ ተኮሰ። ቢያንስ ሦስት ሰው ሞተ፤ አንድ ፖሊስም ሞተ። መንግሥት «ጣቢያ ሊሰብሩ መጥተው ነው» አለ። ሟች መልስ አይሰጥ። ከከሚሴ እስከ ባቲ ምላስ የነበረን እኛስ?

የሙስሊሙ ጥያቄ ምን ነበር? የአሕባሽን አስተምህሮ በግድ አትጫኑብን፤ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ። ይኸው ነው። አዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው ድምፅ ወሎ ሲደርስ ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም ተቀበለው። ጁምዓ ተሰግዶ ሲያበቃ ቢጫ ወረቀት ወደ ላይ ይነሳል። አንዳንዴ እሱም የለም፤ ዝምታ ብቻ። ከዚህ በላይ ሰላማዊ ምን አለ? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የፈቀደው ይህንኑ አይደለም? መልሱ ግን ጥይትና የፀረ ሽብር አዋጅ ሆነ። ከመንግሥት ጋር ይነጋገር ተብሎ የተመረጠው ኮሚቴ ወህኒ ወረደ። ሐምሌ 2007 ከኮሚቴው አባላት በኡስታዝ አቡበከር አሕመድ ላይ የ22 ዓመት እስር ተፈረደ።

ከዚያ 2010 መጣ። እስረኛ ተፈታ። ሰኔ 11 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ፓርላማ ፊት ቀርበው ሰው ማሰቃየት ሽብር እንደሆነ፣ አሸባሪውም መንግሥት እንደነበር አመኑ። እንዲህ ያለ በር በስንት ዘመን አንዴ ይከፈታል? የመንግሥት አፍ ራሱ መሰከረ! እኛ ምን አደረግን? ጨፈርን። ቲሸርት አሳተምን። ፎቶ ተነሳን።

የቆሰለውን ሰው የሕክምና ካርድ ማን ሰበሰበ? ያየውን ሰው ቃል ማን ጻፈ? «ተኩስ ያለው ማነው?» ብለን አንድ ማመልከቻ ይዘን የየትኛውን ቢሮ በር አንኳኳን? ሁሉን በበርጫ ላይ አወራነው። የጫቱ ገረባ ሲጠረግ ወሬውም አብሮ ተጠረገ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጫት፣ ሌላ ወሬ።

ያኔ እኮ አንድ ነበርን! የከሚሴው፣ የኮምቦልቻው፣ የባቲው ሰው በአንድ መዝገብ ላይ መፈረም ይችል ነበር። ብዙም አልቆየ፤ በመጋቢት 2011 ማብቂያ ከሚሴና አጣዬ ላይ ተኩስ ተከፈተ። መጋቢት 2013 ባሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት አስቀድሞ የሚጠየቀው ብሔሩ ሆነ። አብረን የጮኽን ሰዎች ለየብቻ ማልቀስ ያዝን። ዛሬ ገርባን የሚያነሳ ሰው «አንተ የማን ወገን ነህ?» ይባላል። መዝገቡን ዛሬ እንክፈተው ብንል ማን ከማን ጋር ይፈርማል?

ጆሮ አልነበረም እንዳንል፣ ነበረ። በ2011 በአዋጅ የተቋቋመ የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ነበር፤ ሰብሳቢው ካርዲናል ብርሃነኢየሱስ። ሥራው ያለፈ በደልን መርምሮ እውነቱን ማውጣት ነበር። በ2014 ሲዘጋ፣ ብዙዎቻችን መኖሩንም አልሰማንም ነበር።