ዕቃው ተጫነ፣ እማዬስ?

ዕቃ ማጓጓዝ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። መኪና መጥራት፣ ወዛደር መጥራት፣ መጫን፣ አለቀ! እኔም ከአምና በፊት እንዲሁ ባይ ነበርኩ።

እናቴ የምትኖረው ውርጌሳ ነበር፤ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መርሳ ሳትደርሱ የምታገኟት የአስፋልት ዳር ከተማ። አባታችን ካረፈ በኋላ ብቻዋን ቀረች። እኔ ሆዬ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ በስልክ ወሰንኩ። «እማዬ እኔ ዘንድ ትምጣ፣ ቤቱ ይከራይ» አልኩ። መርሳ የምትኖረው እህቴ ዝም አለች።

ስሄድ ሁሉን በወረቀት ጽፌ ነው። አንድ ደላላ ከአይሱዙ አገናኘኝ። የተነጋገርነው ግን የመኪናውን ዋጋ ብቻ ነበር። ልንጭን ስንል የወዛደር ለብቻ፣ የደላላ ለብቻ፣ «አዲስ አበባ ማውረጃውስ?» ደግሞ ለብቻ ሆነ። ወገኖቼ፣ ለሩቅ መንገድ ስትዋዋሉ መጫኛው፣ ማውረጃው፣ ሸራና ገመዱ በማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ቁረጡ። ግማሹን ስትጭኑ፣ ግማሹን ሲራገፍ ክፈሉ። ጭነቱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ካገኛችሁ በዋጋ ይሻላችኋል። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ሾፌሮችን ጠይቁ።

ቁምሳጥኑ ተጫነ፣ ቡፌው ተጫነ። እማዬ ግን የሸክላ ምጣዷን ይዛ ደጃፍ ላይ ቁጭ!

«እማዬ፣ እኔ ቤት በኤሌክትሪክ ነው የሚጋገረው፤ ለጎረቤት ስጪው» ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ቤቱ ተዘርፎ የቀረኝ ይኸ ምጣድ ነው። ያን ጊዜስ ያስወጣኝ ጦር ነው። አሁን ማነው የሚያስወጣኝ?»

ወዛደሮቹ ሳይቀሩ ዝም አሉ። ለካስ ዋጋ ስከራከር፣ ኪሎ ሜትር ስቆጥር፣ እሷን የጠየቃት ሰው የለም!

ቡና ተፈላ። ያኔ ነው «እማዬ፣ የት መኖር ትፈልጊያለሽ?» ያልኳት።

«መርሳ፣ እህትህ አጠገብ። ለለቅሶውም ለሠርጉም እደርሳለሁ፤ ለእኔም ሰው ይደርስልኛል» አለች። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። እሷም እንደኔ ሳትጠየቅ የቀረች ናትና!

ለአይሱዙው የዋለበትን ከፍዬ አሰናበትኩት፤ ኪሴ ተጎዳ። ለመርሳ ግን አንዲት ፒካፕ በሁለት ምልልስ በቃችን። የጫነው ጎረቤት ነው፤ ሒሳቡም ቡናና ቆሎ። እዚህም ግን ሌላ ትምህርት አገኘሁ። «ቅርብ ነው፣ ምን ይሆናል» ብለን ያላሰርነው የቡፌ መስታወት ተሰብሮ ወረደ። በጎኑ አቁመን ዙሪያውን ጭድ የጠቀጠቅንበት የእማዬ ምጣድ ግን ጭረት እንኳ አልነካው። በነጋታው እንጀራ ጋገረችበት።

እንግዲህ ከቅርብም ሆነ ከሩቅ፣ የአልጋውን ብሎን በከረጢት አድርጋችሁ ከራሱ ከአልጋው ጋር እሰሩ፤ ሰባራ ነገር በአጭር መንገድም ይሰበራል። አባት እናታችሁን ወደ ከተማ ለማምጣት ካሰባችሁ ደግሞ፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ቡና አስፈሉና ራሳቸውን ጠይቋቸው።

መልካም የቤት ለውጥ!