ሁለት ሐበሻ፣ አንድ ሽቦና አንድ ተራራ

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ እሑዱን የት እንደሚያሳልፍ ታውቁታላችሁ። ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ ክርስትና ተጠርቷል፣ ወይ ለቅሶ ቤት ተቀምጧል፣ ወይ ደግሞ አንዱ ቡና ቤት ጥግ ይዞ የአገር ቤት ፖለቲካ ይቦጭቃል። ተራራ መውጣት የሚባል ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። «ከተራራ ሸሽቼ መጣሁ እንጂ ተራራ ፍለጋ መጣሁ እንዴ?» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጁ የመንዝ ልጅ ነው።

እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ተራራ ነው። ባዶ እጅ ስለሚወጣ ተራራ ሳይሆን ሬዲዮ ተይዞ ስለሚወጣ ተራራ። ሬዲዮ ስላችሁ ዘፈን የሚሰማበትን አይደለም፤ መልእክት የሚላክበትን ነው፣ ያውም በሞርስ! አዎ፣ ያ በድሮ ፊልም መርከብ ሊሰምጥ ሲል የሚሰማው «ቲ ቲ ቲ፣ ታ ታ ታ፣ ቲ ቲ ቲ»።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ፣ ከመንግሥት ፈቃድና የመጥሪያ ስም ተቀብለው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች አሉ። አማተር ይባላሉ፤ በቁልምጫ «ሃም»። ብዙዎቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ጣሪያቸው ላይ ትልልቅ አንቴና ሰቅለው ነው የሚያወሩት። አንዳንዶቹ ግን የተለየ ዐመል አለባቸው። ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማትበልጥ ሬዲዮ፣ መዳፍ የምታህል ባትሪና አንድ ጥቅል ቀጭን ሽቦ ቦርሳ ውስጥ ከተው ጫካና ተራራ ይገባሉ። ኃይላቸው 5 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው። 5 ዋት ስንት እንደሆነ ልንገራችሁ? ሳሎን የምታበሩት ኤልኢዲ አምፖል እንኳን 9 ዋት ገደማ ይበላል። በግማሽ አምፖል ጉልበት ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ማናገር ማለት ነው። ቀን ሲቀናም ሌላ አህጉር።

እንዴት ቢባል፣ ምስጢሩ ሞርስ ላይ ነው። የሰው ንግግር በሬዲዮ ሲላክ ጉልበቱ ይበተናል፤ 2,500 ሄርዝ ያህል ቦታ ይይዛል። ሞርስ ግን አንዲት ቀጭን ፉጨት ናት። 200 ሄርዝ እንኳን አትሞላም። ያቺው ትንሽ ጉልበት አንድ ቀዳዳ ላይ ስትሰበሰብ እንደ መርፌ ትወጋለች። የሰው ጆሮም ጉድ ነው! በዚያ ሁሉ ሹክሹክታና ፍንዳታ መሐል ያቺን ፉጨት ለይቶ ያወጣታል።

ሞርስ የዚሁ የእኛ ሰፈር ልጅ ናት ብል አላጋነንኩም። ሳሙኤል ሞርስ በሜይ 24 ቀን 1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በሽቦ የላከው መልእክት ከኦሪት ዘኁልቁ የተወሰደ ቃል ነበር። (ካልጠቆምኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆቹ ናቸው።) መርከቦች በ1999 በአዲስ ሥርዓት ተክተው ጡረታ አወጧት። በ2007 ደግሞ አሜሪካ ለአማተር ፈቃድ የሞርስ ፈተና ቀርቷል ስትል «በቃ አለቀላት» ተባለ። አላለቀላትም። ተራራ ወጪዎቹ አነሷት።

በ2002 እንግሊዝ አገር የተጀመረ አንድ ጨዋታ አለ፤ «ሰሚትስ ኦን ዘ ኤር» ይሉታል። ሕጉን ስሰማ ነው የወደድኩት። የመጨረሻውን አቀበት በእግርህ ትወጣለህ፤ ዕቃህን ራስህ ትሸከማለህ፤ ጄኔሬተር ክልክል ነው፤ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ ያወራኸው አይቆጠርልህም። ጫፍ ላይ አራት ሰው ካገኘህ ነጥብ ይያዝልሃል። ነጥቡን ታዲያ በምን ይመነዝሩታል? በምንም! «በሰዓት ስንት ይከፍላል?» የማይባልበት ሥራ አሜሪካ ውስጥ ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ጋሼ የምላቸው የአንዲት ጓደኛዬ አባት ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1983 መርከቦቹ ቀይ ባሕርን አቋርጠው የመን ሲገቡ እሳቸውም አንዷ ላይ ነበሩ። ከዚያ ስደት፣ ከዚያ አሜሪካ፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት መቁረጥ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዝም ብለዋል። ስልክ ሲጠራ አያነሱም። ሰው ሲያወራ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ጨዋታ አይመልሱም። አንድ ቀን ልጃቸው «አባዬ፣ ሻይ ላፍላ?» ስትላቸው «አዎ፣ ፀሐይዋ ወጥታለች» አሏት። ልጅቷ ኩሽና ገብታ አለቀሰች።

«አባዬ መርሳት ጀምሯል» አለችኝ። ወንድሞቿ ተሰብስበው መክረዋል። ነገሩ ሳይብስ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ፣ ከእህታቸው ጋር ይሁኑ፣ ሰው ይቀጠርላቸው... እንዲህ እንዲህ እየተባለ ትኬት እስከ ማየት ተደርሷል። ጋሼን የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

እኔ የሬዲዮ ፈቃድ ያወጣሁት ከዚያ በፊት ነው። ማውጣቱ ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ ነው፤ 26ቱን ከመለስክ አለፍክ። ጥያቄዎቹ ከተመረጡባቸው አራት መቶ ምናምን ጥያቄዎች ጋር መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዜግነትም አይጠየቅም፤ የሌላ መንግሥት ወኪል ካልሆንክ ማንም ይፈተናል። ሞርሴ ግን ኤሊ ነው፤ በደቂቃ ስድስት ሰባት ቃል። እኔ ፈቃድ አለኝ፣ እጅ የለኝም፤ ጋሼ እጅ አላቸው፣ ፈቃድ የላቸውም። ሕጉ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባቸው ሆኖ እስከተቆጣጠረ ድረስ ሌላ ሰው እንዲመታ ይፈቅዳል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ተራራ እንውጣ?» ብዬ ጆሯቸው ሥር ጮህኩ። ነቀነቁ። የሰሙኝ ግን አልመሰለኝም።

ጥቅምት አጋማሽ ነበር፤ ቅጠሉ ሁሉ በርበሬና እርድ የመሰለበት ወቅት። የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ከዲሲ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ያስነዳል፤ ለአንድ መኪና መግቢያው 30 ዶላር ነው። ውስጡ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ፤ 169 ኪሎ ሜትር በተራራው ጀርባ ላይ ተጋድሞ ይሄዳል። ፍጥነት በሰዓት ከ56 ኪሎ ሜትር ማለፍ ክልክል ነው። የዲሲ ሾፌር ይኼን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ቸኩሎ ለመጣ ግን አጋዘኖቹ ራሳቸው መንገድ ዘግተው ያስተምሩታል።

የመረጥነው ሀውክስቢል የሚባለውን ነው፤ የፓርኩ ቁንጮ። ከፍታው 1,234 ሜትር፤ አንድ ሁለት ሦስት አራት ብላችሁ ያዙት። አትሳቁ እንጂ፣ አዲስ አበባ ራሷ ከዚህ በእጥፍ ገደማ ትረዝማለች፤ እንጦጦማ ቁልቁል ያየዋል። ፈረንጆቹ ግን ዘንግና ኮፍያ ይዘው፣ ውሃ በቱቦ እየጠጡ ነው የሚወጡት። እኛ ቆሎና በቴርሞስ ቡና ይዘናል። ከላይኛው መኪና ማቆሚያ በሚነሣው መንገድ ደርሶ መልሱ 3.4 ኪሎ ሜትር ነው። በጋሼ ጉልበት አንድ ሰዓት ፈጀን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ጫፍ ላይ የድንጋይ መመልከቻ አለ፤ ሸለቆው ከሥሩ ተዘርግቶ ይታያል። ፎቶ የሚነሣውን ሰው እንዳንረብሽ ራቅ ብለን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የዓሣ ማጥመጃ የመሰለችውን ዘንግ አቁሜ 20 ሜትር ሽቦ ዘረጋሁ። ይቺ ርዝመት ለ7 ሜጋ ሄርዝ ልኳ ናት፤ የእኔ ፈቃድም ሞርስ ከሚፈቅድባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። ዛፍ ላይ መስቀልም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በአንዳንድ ፓርክ ስለማይፈቀድ ዘንግ መያዝ ይሻላል።

እስቲ አስቡት... ሁለት ጥቁር ሰዎች፣ ሽቦ፣ ባትሪ፣ ቲ ቲ የምትል ሣጥን። መንገደኛው ሁሉ ያየናል። አንዷ «እዚህ ዓሣ አለ እንዴ?» ብላ አላገጠች። ቀጥሎ የፓርኩ ዘበኛ መጣ። ልቤ ትንሽ ደንገጥ ብሏል፤ አልዋሽም። ፈቃዴን አትሜ ስለያዝኩ አውጥቼ ሰጠሁት። አየት አደረገና «በባትሪ ነው? ስንት ዋት?» አለ፤ ነገሩ ሥራ ሳይሆን ጉጉት ኖሯል። እናንተም ብትሞክሩት ወረቀታችሁን ኪሳችሁ አትጡ።

የጆሮ ማዳመጫውን ለሁለት ከፍለን፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለጋሼ አደረግን። «ሲ ኪው» ብዬ መምታት ጀመርኩ፤ «የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ» ማለት ነው። ጋሼ ፊታቸውን አጨማደዱ። ሁለት ጊዜ ታገሡ። በሦስተኛው መምቻውን ከጉልበቴ ላይ አነሡት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ እጅ ነው ወይስ ማንኪያ?»

ከዓመታት ወዲህ ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልድ ነው። መጀመሪያ ቀስ አሉ፤ አንድ ሁለት ፊደል ተሳሳተ። ከዚያ አንጓቸው ተፈታ። እኔ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ የምቆጥረው ሰውዬ፣ ከእሳቸው እጅ የሚወጣውን መከተል አቃተኝ፤ ውሃ ሆነ። ደቂቃ ሳይሞላ ሰው መለሰ፤ ኦሃዮ ነው። ይኼን ያህል በቶሎ የሚገኙበት ምክንያት አለው። የሞርስ ጥሪ በራሳቸው ሰምተው ኢንተርኔት ላይ የሚለጥፉ መቀበያዎች በየአገሩ አሉ፤ ተራራ ነጥብ የሚያድነውም ያን እያየ ይጎርፋል። ሁለተኛው ፔንሲልቬንያ፣ ሦስተኛው ኒው ዮርክ። ጋሼ የሚሰሙትን በዳቦው ወረቀት ከረጢት ላይ ይጽፋሉ፤ ስም፣ ቦታ፣ የምልክቱ ጥንካሬ።

አራተኛው ጠፋ። ሩብ ሰዓት ጠራን፤ ዝም። ነፋስ መጣ፣ ቡናው አለቀ። ልነቅለው ስነሣ ጋሼ እጃቸውን አነሡ። እኔ የምሰማው «ሽሽሽ» ብቻ ነው፤ ዘይት የሚጠበስ ይመስላል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይጽፋሉ። መቱ፣ አዳመጡ፣ ደግመው መቱ። «ኩቤክ ነው» አሉ፤ ካናዳ። «ኃይሉን ሦስት ዋት ብሏል፤ ቀስ ብለህ ምታ አለኝ። ወጣት ሳይሆን አይቀርም።» ከረጢቱን ሰጡኝ። አንዲት ፊደል አልጎደለችም።

እዚያች ድንጋይ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። የሚረሳ ሰው ይኼን አያደርግም። የማይሰማ ሰው ደግሞ እንዴት ከእኔ በልጦ ሰማ? መልሱ ቀላል ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር ቀድሞ የሚበላው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጸ» ያሉት ይሄዱና ወፍራሙ ይቀራል። ሰው ሲናገር ድምፁ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ሻይና ፀሐይ አንድ ይሆናሉ። የእኛ ሬዲዮ ፉጨት ደግሞ 600 ሄርዝ ገደማ ናት፤ ወፍራሙ ሠፈር ውስጥ። እሱ የጋሼ ጆሮ ጤነኛ የሆነበት ቦታ ነው።

ማታውኑ ለልጃቸው ደወልኩላት። ከረጢቱን ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። ጆሯቸው ተመረመረ፤ ውጤቱም ይኸው ሆነ፤ በሁለቱም ጆሮ ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል። የማስታወስ ችሎታቸውም ታየና ለዕድሜያቸው ደህና ነው ተባለ። መርሳት የሚባል በሽታ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ ቤት ያፈርሳል። ነገር ግን አባታችሁን «አረጀ፣ ጃጀ» ከማለታችሁ በፊት ጆሯቸውን አስመርምሩ። ምርመራው አያምም፣ ቀን አይፈጅም። ስታናግሯቸውም ከሌላ ክፍል ሆናችሁ አትጩኹ፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ቀስ በሉ። ጋሼ ዛሬ የጆሮ መሣሪያ አድርገዋል፤ ስልክ ያነሣሉ። የአዲስ አበባውን ወሬ ሲሰሙ «መሄድ ካማረኝ አፍ አለኝ» ብለው ወንዶቹን ልጆቻቸውን አንገት አስደፉ።

ሞርስ መማር ያማራችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ነጥብና ሰረዙን ወረቀት ላይ አትሸምድዱ፤ በዓይን የተማረ ሰው ሲሰማ ይጠፋበታል። በጆሮ ጀምሩ፣ ሁለት ሁለት ፊደል፣ በቀን ሩብ ሰዓት። ፊደሉ ፈጠን ይበል፤ በፊደልና በፊደል መሐል ያለው ዝምታ ነው መርዘም ያለበት። የምትገጣጠም ሬዲዮ ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል፤ ከሺህ ዶላር በላይም አለ፤ በመጀመሪያ ውዱን አትመኙ። ማዳመጥ እዚህ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መላክ ግን የትም ይጠይቃል። ወደ አገር ቤት ይዞ መግባትም ፈቃድ ያስፈልገዋልና ሻንጣ ውስጥ ደብቄ ላሳልፍ አትበሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ አምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የአማተሮች ክበብ ጣቢያ አለ፤ የመጥሪያ ስሙ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ነው። ኢትዮጵያ በአየር ላይ ብዙ ስለማትገኝ፣ ይኼ ስም ሲሰማ የዓለም ሃም ይራኮታል።

ጋሼም ይኼን ከነገርኳቸው ወዲህ ዕረፍት የላቸውም። አምስት ኪሎን መጥራት ይፈልጋሉ። ለዚያ ርቀት 14 ሜጋ ሄርዝ ይሻላል፤ እዚያ ላይ በሞርስ ለመላክ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ አይበቃም፤ ሁለተኛው ያስፈልጋል። እሱም 35 ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ስሄድ ሁለቱንም መጽሐፍ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንዱን ጥያቄ እየተሳደቡት ነበር። ልጃቸው ያቀረበችው ሻይ ቀዝቅዟል።