የራስን ሐሳብ ማድመጥ

ተውኔት ጸሐፊ የሰው ልብ አውቃለሁ ባይ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ ቢጠይቁኝ ሳላመነታ እመልሳለሁ። እኔ ራሴ ምን እያሰብሁ እንደምውል ግን እስከ አርባ አራት ዓመቴ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ ጥበብ ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው። አንድ መምህር ወዳጄ፣ በርማዊው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ ያስፋፉትን የጽሞና ልምምድ አሳየኝ። (ብዙዎች ተመስጦ ይሉታል፤ ተመስጦ ግን ከራስ መነጠቅ ነው፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው።) ተቀምጦ ሆድ ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል መከታተል፤ ሐሳብ ሲመጣ ሳያባርሩትም ሳይከተሉትም «ማሰብ፣ ማሰብ» ብሎ ሰይሞት ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የጠበቀኝ ጸጥታ ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ነበር። ከትንፋሽ ተነሥቼ ወደ ቤት ኪራይ፣ ከቤት ኪራይ ወደ አከራዬ ጠባይ፣ ከዚያም ለአከራዬ ልሰጠው ወደሚገባኝ መልስ እሄዳለሁ፤ መሄዴን የማውቀው ከደረስሁ በኋላ ነው። እየዋለ ሲያድር ግን መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም ገና ከደጃፍ ስወጣ ራሴን መያዝ ጀመርሁ። ልምምዱ ሐሳብን አላስቀረልኝም፤ ማሰቤን የማውቅበትን ሰዓት አቀረበልኝ እንጂ።

ከአንድ አዘጋጅ አብሮ አደጌ ጋር ስድስት ዓመት ተኮራርፈናል። ምክንያቱ በተዋንያን ፊት ስለ ድርሰቴ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ እያልሁ ለስንቱ አውርቼዋለሁ! አንድ ማለዳ ያ ንግግር እንደ ልማዱ መጣ፤ ልሰይመው ስል፣ ራሴን ሳርመው ያዝሁት። አንድ ቃል አውጥቼ፣ የቀረውን አሹዬ፣ ምቱን አስተካክዬ ነበር። በእርግጥም ያማረ ዐረፍተ ነገር ሆኗል፤ የእኔ እጅ ያለበት ስለሆነ ነው የሚያምረው። ለመሆኑ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አርሜው ይሆን?

ቤንጃሚን ቤርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡትን ጥናት ያነበብሁት ከዚህ በኋላ ነው። አንዱን ቡድን ለሁለት ሳምንት ጽሞና፣ ሌላውን ስለ አመጋገብ አስተማሩ። ጽሞና የተማሩት ሰዎች ትዝታቸው የቱ ላይ እንደሚታመን የቱ ላይ እንደማይታመን የመለየት ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በዓይን ያዩትን በሚመለከተው ፈተና ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። አንድ ጥናት ነው፤ ብዙ ሸክም አልጭንበትም። ቢሆንም ካነበብሁት ወዲያ ከአዘጋጁ ጋር መቀያየሙ እንደ ቀድሞው አልመች አለኝ።

ደወልሁለት። ሰላምታው አጭር ነበር።

«ያን ቀን በልምምድ ላይ ምን ነበር ያልኸኝ?» አልሁት።

ብዙ ዝም አለ።

«እኔ የማስታውሰው» አለኝ፣ «አንተ ያልኸኝን ነው።»