የሳጥኑ ፎቶግራፍ



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ አራተኛ ክፍል ገብተን ለተማሪዎቹ አንድ የቤት ሥራ ሰጠናቸው። የካቲት የድል በዓላት ወር ስለሆነ ለዚያ መዘጋጃ ይሁን ብለን ነው። «ከቤተሰባችሁ ለአገሩ የዘመተ ጀግና ካለ ጠይቃችሁ ነገ ትነግሩናላችሁ» አልናቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በማግሥቱ ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ እጃቸውን አወጡ። አንዷ የቅድመ አያቷን አባት አድዋ አዘመተች፤ ሌላው የአያቱን አባት ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ አደረሰ፤ ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ዝም አለ። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ የእኔም አያት ወታደር ነበር፤ ግን እማዬ እሱን አታውራ ብላኛለች» አለ። እኛስ ምን አልን? «እሺ፣ ተቀመጥ» አልን። ወደሚቀጥለው ልጅ አለፍን። ማንም አላጨበጨበለትም።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደንም። ልጁ የተናገረው የራሱን ቤት ነገር ቢሆንም፣ የእኛም ቤት ነገር እሱ ነበርና።

የአባታችን አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ በወሎ ገጠር ገበሬ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከሠፈራቸው ገበሬዎች ጋር ሚሊሺያ ሆነው ታጠቅ ጦር ሠፈር ገቡ። ጥቂት ወራት ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ተላኩ። የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ወረራውን አስፋፍቶ፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋን ይዞ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ አባባ እዚያው ነበሩ።

የካቲት 26 ቤታችን የሚደምቅበት ቀን ነበር። እማማ፣ ማለት አያታችን፣ ቡና ያፈላሉ፤ እኛ የልጅ ልጆች ዙሪያውን እንቀመጣለን። አባባ ስለ ሙቀቱ፣ ውኃ በኮዳ ክዳን እየተለካ ስለ መታደሉ፣ አብረዋቸው ስለ ተዋጉት የኩባ ወታደሮች ያወሩልናል። ከኩባዎቹ የቀራቸው አንድ ቃል «ኮምፓኜሮ» ነው። ሱቅ ሲልኩን እንኳ «ኮምፓኜሮ፣ ና እስቲ ክብሪት ግዛልኝ» ይሉን ነበር።

ካራማራ ላይ ግን ወሬው ይቆማል። «ከዚያስ አባባ?» ስንላቸው፣ «ከዚያማ ወደ ሰሜን ወሰዱን» ይላሉ። «እዚያስ?» ስንል፣ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ሲኒያቸውን ይመልሳሉ። ምሥራቅ የቆዩት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ኤርትራ ውስጥ ያሳለፉት ግን አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ያንን ሁሉ ዘመን በሦስት ቃል ነው የሚያልፉት፤ «ወደ ሰሜን ወሰዱን»።

አንድ ቀን አንዲት እቃ አዟሪ ሴት ውኃ ለመጠጣት ቤታችን ገባች። አባባ አነጋገሯን ሰምተው በትግርኛ መለሱላት። እኛ ትግርኛ መቻላቸውን ያወቅነው ያኔ ነው! ረጅም ሰዓት ቀስ ብለው አወሯት፤ እንጀራ አስቀርበው ሸኟት። ከሄደች በኋላ ከቤቱ ጀርባ ብቻቸውን ተቀመጡ፤ ያን ማታ እራት አልበሉም። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አናውቅም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። አባባ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና አገራቸው ገቡ። ወረዳው ውስጥ «የደርግ ወታደር» ተባሉ። አባታችን ያኔ ተማሪ ነበር፤ በክፍል ውስጥ በዚሁ ስም ይጠሩት እንደነበር ነግሮናል። የካራማራውን ያነሣለት መምህር አልነበረም።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚከብደው እማማ ላይ ነው። ደሴ ከተማ ተማሪ የነበረ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ማታ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘ። ያ በሆነበት ዓመት ባላቸው ለዚያው መንግሥት ካራማራ ላይ ይዋጉ ነበር።

አባባ በወታደር ልብስ የተነሡት አንድ ፎቶግራፍ አላቸው። ካኪ ለብሰው፣ ጠመንጃ ይዘው፣ ገና ጢም ሳያወጡ። ይህ ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም፤ አልጋ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ልጆች ሆነን «ለምን አይሰቀልም?» ብለን ስንጠይቅ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰማናቸው።

«እኔ ካራማራ ነበርኩ። እሱን ማን እንደወሰደው በምን አውቃለሁ?» አሉ አባባ።

«እርስዎማ ካራማራ እንደነበሩ አውቃለሁ፤» አሉ እማማ፤ «ልብሱ ግን አንድ ነው።»

አባባ አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፎቶው ጠይቀን አናውቅም።

አባባ ሲያርፉ በለቅሶው ላይ አራት ሽማግሌዎች ከሩቅ መጡ፤ የድሮ የጦር ጓደኞቻቸው ነበሩ። አስከሬኑ ሲወጣ በወታደር ልብስ የተነሡት ፎቶ ከፊት ይያዝ አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሁሉም እማማን ተመለከተ። እማማ ተነሥተው ሳጥኑን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ፎቶውን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሂድ፤ ከዚያ ወደ ሳጥኑ ይመለስ» አሉ። እንዳሉትም ተደረገ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ሰላምታ ሰጡ፤ እማማም እያለቀሱ ቆሙ። ለባላቸው ነው ያለቀሱት? ለወንድማቸው ነው? አልጠየቅናቸውም። ዛሬም ፎቶው ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት ለተማሪዎቹ የአባባን ታሪክ ነገርናቸው፤ የካራማራውንም፣ የሰሜኑንም፣ የእማማን ወንድምም። እንደ ዕድሜያቸው ለክተን፣ ሳንደብቅ። ያ ልጅ ጸጥ ብሎ አዳመጠና እጁን አወጣ። «የእኔም አያት ከአሥመራ በእግሩ ነው የመጣው» አለ። ቀጥሎም፣ «ታዲያ ቲቸር፣ ጀግና ነው ወይስ አይደለም?» ሲል ጠየቀን።

በዕቅዳችን ላይ ለዚህ ጥያቄ የተጻፈ መልስ አልነበረም። «አባባ አገር ሲወረር ተዋግተዋል፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ከገዛ ወገናቸውም ጋር ተዋግተዋል፤ ይህ ሲያሳዝናቸው ኖሯል። ሁለቱም እሳቸው ናቸው» አልነው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ይብቃው አይብቃው እንጃ! ግን አልተቀመጠም፤ ቆሞ የሚያውቀውን ነገረን። ልጆቹም ሳናዛቸው አጨበጨቡለት።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ይህን የጻፍነው የቤታችንን ገበና ለማውጣት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን ጦርነት ነበር። የዚያ ጦርነት ልጆች ነገ እኛ በምንገባበት ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተጋፍተው ይቀመጣሉ። የአንዱ አባት ከአንዱ ወገን፣ የሌላው አባት ከሌላው ወገን ተሰልፎ ይሆናል። «የጀግና ታሪክ አምጡ» ካልናቸው ከፊሉ ያወራል፣ ከፊሉ አንገቱን ይደፋል። «ከቤታችሁ ማን ዘመተ? ምን አየ? ሲመለስ ምን ሆነ? የቀሩትስ ቤት እንዴት ከረሙ?» ብንላቸው ግን ሁሉም የሚለው ይኖረዋል። መናገር ያልፈለገውንም በግድ አናናግረው፤ ዝምታውን ግን እንደ ጥፋት አንቁጠርበት።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ በዚህ ላይ ከእኛ ይልቅ የምታውቁት አለ። እናንተስ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ ምን ብላችሁ ነበር? መልሳችሁን ጽፋችሁ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን እንማርበታለን።