ካርታው በሰው አፍ ነው

አዲስ አበባ የገባ እንግዳን በመጀመሪያው ቀን የሚያስቸግረው አድራሻ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ባይጠፉም ነዋሪው የሚገለገልባቸው ከስንት አንዴ ነው። ቤቱን የተጠየቀ ሰው «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ልማድ ከከተማዋ አመሠራረት የመጣ ነው። በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ስትቆረቆር፣ መኳንንቱ በየተሰጣቸው ጉብታ ላይ ሰፈሩ፤ አጃቢዎቻቸውም በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሱ። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የሠራዊትን ማረፊያ ያስታውሳል። ስለዚህ ከተማዋን በጎዳና ቁጥር የሚፈልጋት ይደክማል፤ በሰፈር ስም የሚፈልጋት ግን ያገኛታል።

ስሞቹ ታሪክ አዝለዋል። ለገሃር ከፈረንሳይኛው «የባቡር ጣቢያ» ከሚለው ቃል የተወረሰ ነው፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበርና። ካዛንቺስ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም አሕጽሮተ ስም የመጣ ነው። እንግዳው ሊያስተውል የሚገባው ግን ስሙ ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መንገደኛ «ባቡር ጣቢያ» ሲባል ለገሃርን ካሰበ ይሳሳታል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር መነሻው በከተማዋ ዳርቻ፣ ፉሪ ለቡ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ነገር ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ፣ የከተማዋ ሰው «ሦስት ሰዓት» ሲል በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ከሞምባሳ ወይም ከዳሬሰላም የመጣ እንግዳ በዚህ አይደናገርም፤ በስዋሂሊም «ሳ ታቱ» ያው ሦስት ሰዓት ነውና። ሌላው ግን ቀጠሮ በያዘ ቁጥር «በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። የዓመቱም ቁጥር ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ያንሳል፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶችም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ላይ ቢያለከልክ አይደንግጥ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምት ደግሞ ጃንጥላ የማይለይ ጓደኛ ነው።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መድረሻውን እየደጋገመ ይጣራል። እንግዳው የሚወርድበትን ሰፈርና የታክሲውን የመጨረሻ መድረሻ ለይቶ ይወቅ፤ ዝርዝር ብር ይያዝ፤ ቦታው ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወራጅ አለ!» ይበል። እንደ መርካቶ ባለ ግርግር ስልኩንና ቦርሳውን ወደ ፊት ያድርግ። የሚሄድበት ቤት ጠፍቶት እንደሆነ፣ ለአስተናጋጁ ደውሎ ስልኩን ለሹፌሩ ማቀበል ብዙ ድካም ያተርፋል። ይህ በከተማዋ የተለመደ እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

መጠየቅም ሥርዓት አለው። ሰላምታ ይቀድማል፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ» ወይም «ጋሼ፣ ይቅርታ» ብሎ የጀመረ ቆመው ይሰሙታል። ሊስትሮ፣ ባለሱቅና የጥበቃ ሠራተኛ አካባቢውን ከማንም በላይ ያውቃሉ። «ይህ መንገድ ወደ ስድስት ኪሎ ይወስዳል?» ብሎ የጠየቀ «አዎ» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ እንግዳን ባዶ እጁን መመለስ የሚከብደው ሰው ብዙ ነውና። «ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከዚያም ትንሽ እንደሄዱ ሁለተኛ ሰው መጠየቅ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

ዛሬ ግን ይህ በሰው አፍ የኖረ ካርታ እየተናጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳ አሮጌ መንደሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። በምትኩ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ተዘርግቷል፤ በእግሩ ለሚዞር እንግዳ ይህ እፎይታ ነው። ነገር ግን «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» የሚለው አድራሻ ወፍጮ ቤቱ ከሌለ ምን ይሆናል? በዚያ ተወልዶ ከዓመታት በኋላ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው እንኳ በገዛ ሰፈሩ መንገድ እንደ እንግዳ ሲጠይቅ ይታያል። የሚጠየቁትም ጎረቤቶች ብዙዎቹ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል። ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ መንገድ ያመላክት የነበረው ሰውም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የዛሬ እንግዳ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መልመድ ይኖርበታል። አቅጣጫ የሚነግረው ሰው አንድን ሕንፃ ምልክት ሲያደርግለት፣ «አሁንም አለ ወይስ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው በመጀመሪያ ከመጥፋት ያድነዋል። ሁለተኛም፣ ከጎኑ የቆሙት አዛውንት ጊዜ ካላቸው፣ እዚያ ማን ይኖር እንደነበር፣ ዳቦው ከየት ይገዛ እንደነበር፣ ስሙም ከምን እንደመጣ ይነግሩታል። ይህን በየትኛውም የስልክ ካርታ ላይ አያገኘውም፤ ነጋሪዎቹም ለዘለዓለም እዚያው አይቆዩም። የሰማውን በማስታወሻው ላይ ቢያሰፍር፣ ለሚቀጥለው እንግዳ፣ ምናልባትም ለሰፈሩ ልጅ፣ ይጠቅማል።